የግንበኛው ጠብታ

መጨረሻ ላይ የምትሰሙት ተረትና ምሳሌ በየሰዉ አፍ ያለ ነው፤ እኛ ሰፈር ግን ሲነገር ሁሉም ፈገግ ይላል። ምክንያቱ ግንበኛው ላቀው ነው።

ላቀው ድንጋይ ሲያነሣ አጋዥ አይወድም ነበር። በጉልበቱም በኩራቱም የሚስተካከለው አልነበረም። ታዲያ ግላኮማ የሚሉት የዓይን ግፊት በሽታ ያዘውና በግራና በቀኙ ያለው ነገር ይሰወረው ጀመር። ሐኪሟ፣ "የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ግን ይህ ያቆይልዎታል" ብላ የዓይን ጠብታ ሰጠችው። ካላየ ግንብ እንደማይገነባ ያውቃልና ፈራ። ቢፈራም ጠብታውን የሚያደርገው ብቻውን ነበር። ሚስቱ እናኑ "ላግዝህ" ስትለው፣

"በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሕፃን ጭንሽ ላይ ልተኛ? ጎረቤት ምን ይለኛል!" ይላታል።

የዓይኑ ግፊት አልወርድ አለ። ሐኪሟም አንዱ መድኃኒት አልበቃው ይሆናል ብላ፣ ሁለት መድኃኒት በአንድ ብልቃጥ የተቀላቀለበትን ለወጠችለት። ላቀው ደስ እያለው ቤቱ ገባ።

"እንግዲህ ሁለት ነው፤ ግማሹ ቢፈስ እንኳ ግማሹ ይበቃኛል።"

"የፈሰሰው ዓይንህን የት አግኝቶት?" አለች እናኑ። ማን ሰምቷት!

በቀጠሮው ቀን ግፊቱ ያው ነው። ሐኪሟ ግራ ገባት።

"እስቲ እንዴት እንደሚያደርጉት ያሳዩኝ።"

ቀና አለ፤ ብልቃጡን ጨመቀ፤ ጠብታው ሳይደርስ ዓይኑን ጭፍን አደረገ። መድኃኒቱ በጉንጩ ወርዶ ጺሙ ውስጥ ገባ።

"አባቴ፣ እስካሁን ያከምነው ጺምዎን ነው" አለችው። "ሰው ያድርግልዎት። እንዲህ ከቀጠሉ የባለቤትዎን ፊትም አያዩት።"

ይህች ቃል አስደነገጠችው። ቤቱ ሲደርስ የእናኑ ጭን ላይ ራሱን አሳረፈ። እሷም የታችኛውን የዓይን ቆብ ሳብ አድርጋ ጠብ አደረገችለት። ከዚያ ወዲህ ግፊቱ ወረደ።

አንድ ቀን ሽማግሌው ጎረቤታቸው ጋሼ ምትኬ በሩን ገፋ አድርገው ሲገቡ፣ ላቀው እንደተጋደመ ደረሱበት። ሊነሣ ሲል እናኑ ግንባሩን ይዛ አስቀረችው።

"ምነው ላቀው፣ የድንጋይ ጫፍ እንኳ ሰው አታስነካ የነበርከው?"

"ተውኝ ጋሼ፤ ብቻዬን ላድርገው ስል ዓይኔን ላጣ ነበር" አለ ዓይኑን እንደጨፈነ።

ሽማግሌው ሳቁና ወንበር ስበው እየተቀመጡ እንዲህ አሉ፦ "ስንት ዘመን ነገርንህ ልጄ፤ ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ!"