ከዶሮ ተራ የመጡት የባሕር ማዶ ዳክዬዎች

አንድ የከተማ ፓርክ ኃላፊ ነበሩ፤ ስማቸው አቶ ማንደፍሮ ይባላል። ፓርኩ ረግረጋማ ስለሆነ ክረምቱ ወጥቶ ብርዱ ሲገባ ከባሕር ማዶ የሚበሩ ዳክዬዎች ያርፉበታል። በዚያ ሰሞን የሰፈሩ በጎ ፈቃደኞች በማለዳ ተሰብስበው ወፎቹን ይቆጥራሉ።

አንድ ዓመት አቶ ማንደፍሮ «ሠርገኞች ፎቶ ይነሡበታል» ብለው በውሃው ዳር የበቀለውን ደንገል በሙሉ አሳጨዱና ሣር አስተከሉበት። ቆጠራው እንዳለቀ የቆጣሪዎቹ አስተባባሪ፣ ጡረተኛዋ አዋላጅ እትዬ የሺመቤት፣ ወረቀታቸውን ይዘው ቢሮ ገቡ።

«አምና አራት መቶ ዳክዬ ነበር። ዘንድሮ አሥራ አንድ።»

«በደንብ ፈልጋችኋል?»

«አቶ ማንደፍሮ፣ ዳክዬ እኮ መርፌ አይደለም።»

«ሐሙስ ከበላይ እንግዳ ይመጣሉ። አሥራ አንድ ብዬ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? እባክዎ ትንሽ ከፍ ያድርጉት።»

«ሠላሳ ዓመት አዋልጃለሁ። አንድ ለወለደች እናት መንታ ብዬ ጽፌ አላውቅም» አሉና ወጡ።

አቶ ማንደፍሮ ሁለት ቀን ሲጨነቁ ሰነበቱ። በሦስተኛው ቀን ዶሮ ተራ ሄደው ስልሳ ዳክዬ ገዙና ውሃው ላይ ለቀቁ።

ሐሙስ እንግዳው መጡ። ገና አቅርቦ ማሳያ መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው ሳያስጠጉ ስልሳው ዳክዬ ከውሃው ወጥቶ፣ እየተንገዳገደ፣ እየጮኸ ከበባቸው። ከሰው እጅ መብላት የለመዱ ናቸውና አንዷ የጫማቸውን ማሰሪያ መጎተት ጀመረች።

«ሰው አይፈሩም እንዴ?» አሉ እንግዳው እግራቸውን እያነሱ።

«የሕዝባችን እንግዳ ተቀባይነት ነው ያላመዳቸው!» አሉ አቶ ማንደፍሮ የግንባራቸውን ላብ እየጠረጉ።

እንግዳው ከቆጣሪዎቹ ጋር ወደ ቆሙት ወደ እትዬ የሺመቤት ዞሩ። «እርስዎ ስንት ቆጠሩ?»

«ሰባ አንድ፣ ጌታዬ። አሥራ አንዱ ከባሕር ማዶ፣ ስልሳው ከዶሮ ተራ።»

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እንግዳውም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሳቁ ሲበርድላቸው ግን እስከዚያ ቀን ማንም ያልጠየቀውን ጠየቁ፦ «ታዲያ የአምናዎቹ የት ሄዱ?»

እትዬ የሺመቤት ሣሩን አሳዩአቸው። «መጠለያቸው እዚህ የነበረው ደንገል ነበር። ቤቱ የፈረሰበት እንግዳ የት ይደር?»

አቶ ማንደፍሮ መሬት መሬት አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ያሳጨድኩት እኔ ነኝ። ቁጥሩን ስሸሽ ምክንያቱን ሳልጠይቅ ቀረሁ» አሉ።

ደንገሉ እንዲበቅል ተተወ። በሦስተኛው ዓመት ቆጠራው መቶ ሰባ ደረሰ፤ አራት መቶ ገና አልሞላም። አቶ ማንደፍሮ ግን መቶ ሰባ ብለው ሲጽፉ አላፈሩም፤ ከቆጣሪዎቹ ጋር ጭቃ ውስጥ ቆመው በገዛ ዓይናቸው አይተዋቸዋልና።

ወዳጆቼ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ትንሽ ቁጥር የሚያሳፍረን ስንቶቻችን ነን? የምንቆጥረው ለመመስገን ሳይሆን የጎደለውን አውቀን ለመሙላት ነው። እናንተስ፣ ጉድለታችሁን የሚነግራችሁን ሰው ታዳምጣላችሁ ወይስ ዳክዬ ልትገዙ ትወጣላችሁ?