ስፒከሩና ጥቁሩ ሽቦ

ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተ በሩ ሥር የተቀመጥከው ደግሞ አታዛጋ፣ ገና አልጀመርኩም። ነገሩ የሆነው ድሮ ነው፤ እንስሳውም ዕቃውም እርስ በርሱ በሚያወራበት ዘመን። ሰው ግን ያኔም ቢሆን አይሰማቸውም ነበር።

በዚያ ዘመን አንድ ያረጀ የጭነት መኪና ነበረ። ሾፌሩ ጋሽ ተሰማ ይባላል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ረዳት አይቀጥር፣ ሰው አያሳፍር፣ መንገዱን ሁሉ ብቻውን ነው የሚነዳው። የሚያጫውተው ቴፑ ብቻ ነው። ቴፑ ከፊት ሆኖ ይዘፍናል፤ ወንበሩ ሥር የተኛው አምፕሊፋየር ድምፁን ያጎላዋል፤ ከወንበሩ ጀርባ ያለው ወፍራም ስፒከር ደግሞ ተቀብሎ ለጋሽ ተሰማ ያደርሰዋል። ስፒከሩ ይህን ሥራውን ይወደው ነበር። ጋሽ ተሰማ ዳገት ላይ አብሮት ሲያንጎራጉር በሰማ ቁጥር፣ እኔም ሰው አለኝ ይል ነበር።

አንድ ቀን ኮረኮንች መንገድ ላይ መኪናው ክፉኛ ተንገጫገጨና ስፒከሩ ድምፁ ጠፋ። ጋሽ ተሰማ ቴፑን አጠፋው፣ አበራው። ስፒከሩን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። ምንም የለም። ከተማ ሲደርስ መኪናውን ጥላ ሥር አቆመና ወደ ስፒከሩ ዞረ።

«ፀሐይ እስክትዘቀዝቅ ካልተናገርክ፣ ነቅዬ ለቆራሌው ነው የምሰጥህ» አለው። ቴፑን እንደበራ ትቶ ሻይ ሊጠጣ ሄደ። ቆራሌው አሮጌ ብረት ሲሰበስብ፣ ሲቆራርጥና ሲሸጥ የሚውል ነውና ስፒከሩ ክው አለ።

ምን ያድርግ? እግር የለው። ወንበሩ ስፖንጅ ውስጥ የምትኖር አንዲት አይጥ ነበረች፤ ያለችው ወዳጅ እሷ ናት። እባክሽ እህቴ፣ ድምፄን ማን እንደወሰደብኝ ጠይቂልኝ ብሎ ለመናት።

አይጥ ወደ ባትሪ ሮጠች። ባትሪ ሽማግሌ ነው፣ ቶሎ ቱግ ይላል። እኔ የምሰጠውን ሰጥቻለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው አያገባኝም ብሎ አባረራት። ወደ ፊውዝ ሮጠች። ፊውዝ ቀጭን ነው፣ ነገር ይፈራል። እዪኝ፣ ሆዴ አልተቃጠለም፣ ጥፋት ቢኖርማ መጀመሪያ የምሞተው እኔ ነበርኩ አላት። ወደ ቴፕ ሮጠች። ቴፕ መብራቱን እያብለጨለጨ፣ እኔ መዝፈኔን መቼ አቆምኩ ብሎ ጆሮ ዳባ ልበስ አላት። አምፕሊፋየርማ ጭራሽ ተኝቷል፤ ቢጠሩት ቢጎተጉቱት አይነቃም።

ይሄኔ አስናቀ የሚባል መካኒክ በዚያ ሲያልፍ፣ ቴፑ በርቶ ድምፅ የሌለው መኪና አየ። በመስኮቱ አጎንብሶ የተኛውን አምፕሊፋየር ተመለከተና፣ «ይሄማ ማሳው ነው» አለ። ለጋሽ ተሰማ ሊነግረው ሲል ሌላ ሾፌር መጥቶ በሞተር ሳይክል አፈናጦ ወሰደው።

ማሳ መካኒኮች ከመኪናው ብረት ጋር የሚያስሩት ሽቦ ነው። የአምፕሊፋየሩ ማሳ ከላላ ኤሌክትሪኩ መመለሻ የለውም፣ አምፕሊፋየሩም አይነቃም። አይጥ ግን የገጠር ልጅ ናት፤ ማሳ ሲባል የምታውቀው እህል የሚበቅልበትን ነው። አገኘሁልህ፣ ማሳውማ ከመንገዱ ማዶ ነው ብላ በመስኮቱ ዘለለች። አትሳቁ፤ እናንተም ብትሆኑ እዚያው ነበር የምትሮጡት።

ማሽላው ደርሶ ነበር። አይጥ አንድ ፍሬ ቀመሰች፣ ሌላ ቀመሰች፣ ልመለስ ልመለስ ስትል እዚያው ቀረች። ስፒከሩ ጠበቃት። ጥላው ወደ መንገዱ ተሻገረ፣ አልመጣችም። ከሩቅ የቆራሌው ጥሪ ተሰማ። ስፒከሩ ሆድ ባሰው። ለስንቱ ስዘፍን ኖሬ የሚያስበኝ አንድ አጣሁ ብሎ አለቀሰ።

«ምነው ማሳ» አለ፣ «ምነው ቅርብ በሆንክልኝ።»

«አጠገብህ ነኝ» አለው አንድ ቀጭን ድምፅ።

ወንበሩ ሥር ያለው ጥቁር ሽቦ ነበር። ስፒከሩ ዕድሜውን ሙሉ አብሮት ሲኖር አንድም ቀን አናግሮት አያውቅም።

«አንተ ነህ ማሳ? ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«አይጥ ሁሉንም ጠየቀች፣ እኔ ጋ አልመጣችም። መካኒኩ ሲጠራኝ አቤት ብዬ ነበር፤ የሰማኝ የለም» አለ ሽቦው። ከዚያ ችግሩን ነገረው። የታሰረበት ብሎን ላልቷል፣ ብረቱንም ዝገት በልቶታል። አንድ ጊዜ ብቻ ተንጠራርቶ ንጹሑን ብረት ሊነካ ይችላል፤ ግን ከውስጡ የቀሩት ጥቂት ክሮች ናቸው።

ስፒከሩ ቢበጠስስ ብሎ ፈራለት።

«ዛሬ በስሜ ተጠርቻለሁ» አለ ሽቦው፤ «ብበጠስም ግድ የለኝም።»

ጋሽ ተሰማ ቆራሌውን በሩ ላይ አቁሞ፣ ካቻቢቴውን ይዞ ገባ። የስፒከሩን የመጀመሪያ ብሎን ፈታ። ሁለተኛውን ፈታ። ሦስተኛውን ሊፈታ ሲል ሽቦው ባለ በሌለ ኃይሉ ተንጠራራና ብረቱን ነካ። አምፕሊፋየሩ ባነነ። ስፒከሩ ዱም አለ፣ ግማሽ ስንኝ ዘፈነ፣ መልሶ ጸጥ አለ።

ጋሽ ተሰማ፣ መጥቶ ከጠፋማ የላላ ሽቦ አለ ብሎ ካቻቢቴውን አስቀመጠ። አጎንብሶ ሽቦውን በጣቱ ተከተለውና የላላውን ብሎን አገኘ። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገ፣ የተጎዳውን ጫፍ ቆርጦ አዲሱን በጥርሱ ላጠ፣ አጥብቆ አሰረው። ዘፈኑ ጋቢናውን ሞላው። ጋሽ ተሰማ ቆራሌውን አሰናበተና ስፒከሩን እየደባበሰ፣ አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር አለው። ስፒከሩ እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው ሊል ፈለገ። ከአፉ የወጣው ግን ዘፈን ብቻ ነበር።

ጋሽ ተሰማ እስከ ዛሬ ጥቁሩን ሽቦ አመስግኖት አያውቅም። ነገር ግን መኪናው በቆመ ቁጥር፣ ቴፑም ሲጠፋ፣ ስፒከሩ «ማሳ» ብሎ ይጠራል። «አቤት» ይለዋል ሽቦው። ሌላ ወሬ የላቸውም፣ ይበቃቸዋል።

እኔም በዚህ አበቃሁ። እናንተ ስትሄዱ፣ በየቤታችሁ ዝም ያለ ሰው ካለ ተበላሽቷል ብላችሁ አትንቀሉት። መጀመሪያ ስሙን ጥሩት።