ይርዳው፣ ቆቋና ያልለበሰው መሸሸጊያ

ከሁሉ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አገር በስንት ከባድ ጉዳይ ተጠምዶ ሳለ ስለ አንዲት ቆቅ ማውራት ያሳፍራል፤ አፍሬአለሁም። አሳጥሬ ልነግራችሁ ሞክሬ ነበር፤ አላጠረልኝም። አንዱን ስተወው ሌላው እየተጎተተ ይመጣል። ስለዚህ እንደ ሆነው እናገራለሁ። የደከመው ቁጭ ብሎ ይስማ፤ እኔም ቁጭ ብዬ ነው የምናገረው።

ይርዳው የሚባል ዕድሜው የገፋ ገበሬ ነበር። ሚስቱን ማንጠግቦሽን በመስከረም ንዳድ ይዟት በኅዳር ለቀቃት፤ የምግብ ፍላጎቷ ግን ከንዳዱ ጋር ሄዶ በዚያው ቀረ። ጣዕም አይገባት፣ ሽታ አይሸታት። ያቀረቡላትን ሁሉ "ይቆይ" እያለች ታስቀምጣለች። ክንዷ ከመቅጠኑ የተነሳ አምባሯ እስከ ክርኗ ይንሸራተት ጀመር። ያቺ ሴት በደህናው ቀን ቤቱን በነቀፋ የምታናውጥ ነበረች፤ አሁን ወጡ ቢያርም ዝም፣ በሩ ቢገነጠልም ዝም። ይርዳውን ያስፈራው ይሄ ዝምታ ነው።

በጥር አንድ ጠዋት ግን ዓይኗን ገለጥ አድርጋ፣ "አንተ ሰው፣ ቆቅ ቢሆን እኮ ትንሽ እቀምስ ነበር" አለችው።

"ቆቅ?"

"ቆቅ።"

"ሌላስ?"

"ሌላማ ይቆይ።"

ይርዳው ከአባቱ የወረሰው ቁመህ ጠብቀኝ የሚሉት አሮጌ ጠመንጃ አለው፤ ባሩዱ ለአንድ ተኩስ ብቻ ይበቃል። ቆቆቹም ሩቅ አይደሉም። ጠዋትና ማታ ከገደሉ ሥር ብቅ እያሉ እሱ ካጨደው የስንዴ ማሳ ላይ የረገፈውን ፍሬ ይለቅማሉ። የቀረው መደበቅ ብቻ ነው። ማሳው ደግሞ እንደ ተላጨ ራስ ነው፤ ሰው ቀርቶ ጥንዚዛ አይደበቅበትም። እናም ይርዳው ጠመንጃውን በትከሻው አንግቶ፣ ከማሳው መሀል መሸሸጊያ ሊሠራ ወጣ። ቀጫጭን እንጨት አጉብጦ ተከለ፣ በልጥ አሰረ፣ የተደፋ ትልቅ ቅርጫት የመሰለ ነገር አቆመ፣ ቅጠል አለበሰው፣ ገብቶም ተቀመጠ። ቆቆቹ መጡ። ከሩቅ ቆሙ፣ አዩት፣ እርስ በርስ ተያዩ፣ ተመልሰው ሄዱ። ይርዳው ወጥቶ ቢመለከት፣ በቢጫ ማሳ መሀል ትናንት ያልነበረ አረንጓዴ ቁጥቋጦ ዛሬ በቅሏል። አፈረ። ቅጠሉን ገፎ ጣለው። የሚያስፈልገው ገለባ ነው፤ ያውም የዚያው የማሳው ገለባ።

የማሳው ገለባ ደግሞ ጎረቤቱ አያ ጥጋቡ ዘንድ ነው። ይርዳው በሬ ስለሌለው ጥጋቡ ያርስለታል፣ በምትኩም ገለባውን ይወስዳል፤ የአገሩ ደንብ ነው።

"አያ ጥጋቡ፣ ከዚያ ከኔ ገለባ ሁለት እቅፍ ብትሰጠኝ።"

"ካንተ ገለባ? አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ገለባ ያለህ?" አለ ጥጋቡ ክምሩን እያበጀ። "የበሬዬ የቦራ ነው። ቦራ ደግሞ ገና አልጠገበም። ሌላ ቦታ ግጦ ከጠገበ ሁለት አይደለም አራት እቅፍ እሰጥሃለሁ። እስከዚያው ቆመህ አትቅር፤ ውጣና ክምሩን ርገጥልኝ።"

ይርዳው ወጥቶ ረገጠ። ሲወርድ ጸጉሩም ጢሙም ገለባ ሆኗል።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ሆነ። ማንጠግቦሽ ቆቅ ካልመጣ አልበላም አለች። ቆቋ ሰው እያየሁ አልጠጋም አለች። መሸሸጊያው ገለባ ካልለበስኩ አልደብቅም አለ። ገለባው በሬው ካልጠገበ አልነሳም አለ።

ይርዳው ወደ እትዬ ዘነቡ ሄደ። እትዬ ዘነቡ ከወንዙ ወዲያ ሰፊ ማሳ ያላቸው ባልቴት ናቸው፤ ስንዴያቸው ታጭዷል፣ ከብት ግን ገና አልገባበትም።

"እትዬ ዘነቡ፣ የአያ ጥጋቡ በሬ ማሳዎ ላይ ትንሽ ቢግጥ ምን ይልዎታል?"

"ያንተ ማሳ የት ሄዶ?"

"በሬ ከገባበት ቆቆቹ ይበተኑብኛል።"

"አዬ ጉድ! ያንተ ቆቅ እንዳይበተን የኔ ቃርሚያ ይረገጥ? ከአጫጅ የተረፈውን ዛላ እማሆይ ወለላ ይለቅሙታል ብዬ ቃል ገብቻለሁ። እሳቸው ሳይጨርሱ ከብት ባስገባ ኃጢአቱ የማን ነው?"

"የኔ ይሁን።"

"ያንተማ ሞልቷል፣ ምን ቦታ አለህ? ይልቅ እጅህ ከፈታ፣ ነገ ጤፍ ላስወቃ ነው፣ አውድማውን በእበት ለቅልቅልኝ። ወገቤን አሞኛል።"

የይርዳውንም ወገብ ያመው ነበር፤ የጠየቀው ግን የለም። ተንበርክኮ ለቀለቀ። ሲጨርስ አውድማው እንደ ገበታ ተስተካክሏል፣ እሱ ደግሞ ከእግር ጥፍሩ እስከ አንገቱ እበት ለብሷል።

ማንጠግቦሽ ቆቅ ካልመጣ አልበላም አለች። ቆቋ ሰው እያየሁ አልጠጋም አለች። መሸሸጊያው ገለባ ካልለበስኩ አልደብቅም አለ። ገለባው በሬው ካልጠገበ አልነሳም አለ። በሬው ማሳው ካልተከፈተ አልጠግብም አለ። ማሳው ቃርሚያው ካልተለቀመ አልከፈትም አለ።

እማሆይ ወለላ በጎጇቸው ደጅ አንዲት ቁና የማትሞላ ገብስ ያዘራሉ።

"እማሆይ፣ የእትዬ ዘነቡን ቃርሚያ ዛሬ ቢለቅሙት?"

"ልጄ፣ አምና ልለቅም ወጥቼ ሊቀመንበሩ ከማሳ መለሱኝ። 'ቃርሚያ ከእንግዲህ በፈቃድ ነው' አሉኝ። 'ፈቃዱን ማን ይሰጣል?' ብላቸው፣ 'ስብሰባ ይወስናል' አሉ። ይኸው ዓመቱን ሙሉ ስብሰባ እየጠበቅኩ ነው።"

"እና ምን እየበሉ ይጠብቃሉ?"

"ይቺን" አሉ፣ ገብሲቱን በዓይናቸው እያሳዩ። "ፈቃዱን ካመጣህልኝ አሁኑኑ እጎነበሳለሁ። እስኪ ከዚያ በኩል ቁምና እብቁን ከልክልልኝ፤ የጎረቤት ስጥ ላይ እየሄደብኝ ነው።"

ይርዳው ቆሞ ከለከለ። እበቱ ገና አልደረቀም፤ ነፋሱ ያመጣለትን እብቅ ሁሉ እየተቀበለ አስቀረው።

አሁን ከመሀል ብጀምር ደስ ባለኝ፤ ምላሴ ዝሏል። ግን ይርዳውም ከመሀል አልጀመረም። ማንጠግቦሽ ቆቅ ካልመጣ አልበላም አለች። ቆቋ ሰው እያየሁ አልጠጋም አለች። መሸሸጊያው ገለባ ካልለበስኩ አልደብቅም አለ። ገለባው በሬው ካልጠገበ አልነሳም አለ። በሬው ማሳው ካልተከፈተ አልጠግብም አለ። ማሳው ቃርሚያው ካልተለቀመ አልከፈትም አለ። ቃርሚያው እማሆይ ካልጎነበሱ አልለቀምም አለ። እማሆይ ሊቀመንበሩ ካልፈቀዱ አልጎነበስም አሉ።

የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ ልየው ይባላሉ። ይርዳው ቢሮአቸው ደጅ ሲደርስ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

"እዚያው! እዚያው ሁን! ምንድን ነህ አንተ?"

"ይርዳው ነኝ ጌታዬ።"

"ይርዳው ሰው አልነበረም እንዴ?"

"ነበርኩ ጌታዬ። ጠዋት ነበርኩ። የመጣሁት ለእማሆይ የቃርሚያ ፈቃድ ለመጠየቅ ነው።"

አቶ ልየው ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። "ቃርሚያ ቀላል ነገር እንዳይመስልህ። ዛሬ አንዱ ዛላ ካነሳ ነገ ሁሉም ያነሳል። ስብሰባ ያስፈልገዋል። ለስብሰባው ደግሞ ከወረዳ እንግዶች መጥተው ይኸው ውስጥ ተቀምጠዋል።"

"እሰይ! ታዲያ ይሰብሰቡ።"

"በባዶ ሆዳቸው? ቆቅ አበላችኋለሁ ብዬ እኮ ነው ያመጣኋቸው። ቆቅ ሳይበሉ አጀንዳ አይከፈትም።" ከዚያ ዓይናቸው የይርዳው ትከሻ ላይ አረፈ። "ጠመንጃ አለህ አይደል? አንድ ቆቅ ይዘህልኝ ና፣ ፈቃዱ እጅህ ላይ ነው።"

"ጌታዬ፣ ቆቅ አጥቼ እኮ ነው እዚህ የደረስኩት።"

"በጣም ጥሩ!" አሉ ሊቀመንበሩ። "እኛም ያጣነው እሱን ነው። ተግባብተናል።"

ማንጠግቦሽ ቆቅ ካልመጣ አልበላም አለች። ቆቋ ሰው እያየሁ አልጠጋም አለች። መሸሸጊያው ገለባ ካልለበስኩ አልደብቅም አለ። ገለባው በሬው ካልጠገበ አልነሳም አለ። በሬው ማሳው ካልተከፈተ አልጠግብም አለ። ማሳው ቃርሚያው ካልተለቀመ አልከፈትም አለ። ቃርሚያው እማሆይ ካልጎነበሱ አልለቀምም አለ። እማሆይ ሊቀመንበሩ ካልፈቀዱ አልጎነበስም አሉ። ሊቀመንበሩ ቆቅ ካልመጣ አልፈቅድም አሉ። ቆቋስ? ቆቋ ሰው እያየሁ አልጠጋም ብላለች፤ ተናግሬአለሁ።

ይርዳው ወደ ማሳው ተመለሰ። ለምን እንደተመለሰ አልጠየቅኩትም፤ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። ባዶ እጁን ቤት ገብቶ ያንን "ይቆይ" የሚለውን ቃል ለመስማት ጉልበት አልነበረውም መሰለኝ። ራቁቱን የቀረው መሸሸጊያው እንደ ቆመ ነው። ጎንበስ ብሎ ሊገባበት አሰበ፤ ወገቡ እምቢ አለው። ከጎኑ መሬት ላይ ዘጭ አለ። ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋደመ። ፀሐይዋ አዘቀዘቀች፣ እበቱ ደረቀ፣ እሱም ደረቀ። ዝንብ አፍንጫው ላይ አረፈች፤ እጁን ማንሳት ታከተውና ተዋት።

ቆቆቹ ከገደሉ ሥር ብቅ አሉ። ማሳውን ከዳር እስከ ዳር ቃኙ። ሰው የለም። አንድ የእንጨት ቅርጫት አለ፤ እሱን ጠዋትም አይተውታል። ከጎኑ ትንሽ የገለባ ክምር አለ፤ የዚያው ማሳ ገለባ ነው፣ እብቅ ነስንሶበታል፣ ደህና የማሳ ሽታም ይሸታል። እየለቀሙ መጡ። አንዲቱ ወፍራም እየጫረች እየጫረች መጥታ የክምሩን አውራ ጣት ልትለቅም ሞከረች።

ለይርዳው ነገሩ የገባው ያኔ ነው። ሲዞር የዋለለት መሸሸጊያ እላዩ ላይ አለ።

ትንፋሹን ዋጠ። አፈሙዙን በዝግታ፣ ክምር እንደሚዘም እያስመሰለ አዞረ። ምላጩን ሳበ። ጠመንጃው ጥቂት አሰበበት፤ ከዚያ ጮኸ። ጭሱ ሲገፈፍ ወፍራሟ ቆቅ መሬት ላይ ትንፈራገጣለች። ነፍሷ ሳትወጣ በስመ አብ ብሎ ባረካትና ተነሳ።

ከማሳው ጫፍ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። የግራው ወደ ሊቀመንበሩ ቢሮ፣ የቀኙ ወደ ቤቱ ነው። ሕግና ሥርዓቱን ለሚያውቅ ሰው መንገዱ ግልጽ ነበር፦ ቆቋ ለእንግዶቹ ትሰጣለች፣ ስብሰባው ይወስናል፣ እማሆይ ይለቅማሉ፣ ማሳው ይከፈታል፣ በሬው ይጠግባል፣ ገለባው ይነሳል፣ መሸሸጊያው ይለብሳል፣ ከዚያ ለማንጠግቦሽ ሌላ ቆቅ ይታደናል። ባሩድ ከተገኘ። ይርዳው ቆሞ ሁለቱንም መንገድ አየ። የግራው ዳገት ነበረው። በቀኙ ሄደ።

ራሱ በለታት፣ ራሱ ቀቀላት፣ ራሱ ወጥ አደረጋት። በጣባ ጨልፎ አቀረበላት። ማንጠግቦሽ በክርኗ ተደግፋ ቀና አለች። አንድ ጎረሰች። አላመጠች። ዋጠች። ይርዳው ያንን ቃል ጠበቀ።

"ጨው የት አለው ይሄ?" አለች።

ይርዳው ጎንበስ ብሎ ጣባውን አየ።

"ደግሞስ ምን ሆነህ ነው እንዲህ እበት እበት የምትሸተው? ሰው እኮ ታጥቦ ነው ቤት የሚገባው!"

ይርዳው ጨው ፍለጋ ዞር አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ ጥቂት ቆየ። ሲመለስ ጣባው ባዶ ነበር።

የተኩሱን ድምፅ አቶ ልየውም ሰምተውት ኖሯል። "ይኸው ቆቃችሁ መጣች!" ብለው ለእንግዶቹ አበሰሩ፤ አጀንዳውም በዚያው ተከፈተ። ሊቀመንበሩ ቆቅ መጣ ብለው በጭብጨባ ፈቀዱ። እማሆይ ፈቃድ መጣ ብለው ጎነበሱ። ቃርሚያው ተለቀመ። ማሳው ተከፈተ። በሬው ገባ፣ ጠገበ። ገለባው ተነሳ። በሦስተኛው ቀን አያ ጥጋቡ አራት እቅፍ ገለባ ከይርዳው ደጅ ጥሎ፣ "በል፣ መሸሸጊያህን ሥራ፤ በኋላ ነፈገኝ እንዳትል" አለው። ማንጠግቦሽ ከውስጥ፣ "ምን ያፈዝዝሃል? ፍራሹን ሙላበት እንጂ፣ ጎኔን ቆረቆረኝ!" ብላ ጮኸች። ሞላው። ከዚያም ተኝቶበት ዋለ።

አደራችሁን፣ ይህን ለማንም አትንገሩ። እንግዶቹ ቆቅ እየጠበቁ ሽሮ በልተው ተመልሰዋል፤ አቶ ልየው ያቺ ቆቅ የት እንደገባች እስከ ዛሬ ያጣራሉ። ከሁሉ በላይ ግን ቆቆቹ እንዳይሰሙ። ማንጠግቦሽን ትናንት ደግሞ ቆቅ አምሯታል፤ ይርዳውም ባሩድ ተበድሮ፣ ዛሬ ማለዳ እበት ፍለጋ ወጥቷል።