የእመት ጃርት ጠላ ቤት

ተረቴ መጣች፣ ቦታ ልቀቁላት። አያ አንበሶ ጠላ ጠማቂዋን እመት ጃርትን በደላት። ቀኑን ሙሉ ክፍት የነበረው ጠላ ቤቷ፣ እኩለ ቀን ላይ ቁራ ሲጮኽ እንዲዘጋ አወጀባት። እያወጋ ሲጎነጭ ይውል የነበረው አውሬ ሁሉ፣ «ቁራ ሳይቀድመኝ» እያለ በአንድ ትንፋሽ እየጨለጠ በየጥሻው ወደቀ።

አያ አንበሶ እየተቆጣ መጣ። «አንቺ መርዘኛ! ሕዝቤን ፈጀሽው! የጠላ ፈቃድሽን እነጥቅሻለሁ!»

«ቀምሰው ይፍረዱ፣ ጌታዬ» ብላ እንስራውን አቀረበችለት።

አንዴ ጎንጨት፣ ሁለቴ ጎንጨት እያለ ሲያጣጥም፣ ቁራ ከዛፉ ላይ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወይኔ፣ ሊዘጋ ነው!» አለና አያ አንበሶ እንስራውን ግልብጥ አድርጎ ጠጥቶ በጀርባው ተዘረረ።

እመት ጃርት ጎንበስ ብላ እንዲህ አለችው፦ «ጌታዬ፣ ፈቃዴን አሁን ይነጥቁኛል፣ ወይስ መጀመሪያ ደግፌ ቤትዎ ላድርስዎት?»