ሳይበላበት የኖረው ሰሐን

የደበቅነውን ሁሉ ለሚያውቀው ጌታ ምስጋና ይድረሰውና፣ ስሟን ማንሳት በማያስፈልገን አንዲት አሮጌ ከተማ ሐጂ በድሩ የሚባሉ ብር አንጥረኛ ነበሩ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። በዚህ ዓለም የቀራቸው ነገር ቢኖር የሟች ልጃቸው የሙነወር ስም ነው። ሙነወርም አንጥረኛ ነበር፤ በሠራው ዕቃ ጀርባ ላይ ትንሽ ጨረቃ ይቀርጽ ነበር። ወረርሽኝ ከወሰደው ሃያ ዓመት ቢያልፍም፣ ስሙ ሲነሳ ሰው ሁሉ «ታማኙ፣ አላህ ይዘንለት» ይላል። ሽማግሌው የሚኖሩት ይህን እየሰሙ ነው።

አንድ ቀን ረህማ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት እጀታው የተነቀለ ትልቅ የብር ሰሐን ይዛ መጣች። ባሏ ያሲን ሊሞት ሲል፣ ተሽጦ የመስጊዱ የውዱእ መታጠቢያ ውሃ ጉድጓድ እንዲታደስበት ለአላህ ሰጥቶ ወቅፍ አድርጎታል። ከግድግዳ ስታወርደው ከእጇ አምልጦ ወደቀ። እንዲጠግኑላት ለመነቻቸው።

ሐጂ በድሩ ሰሐኑን ገልብጠው ጨረቃዋን በጣታቸው ዳሰሱ፤ የልጃቸው እጅ ነው። ደስ አላቸው። ከዚያ እጀታው የተነቀለበትን ቦታ ወደ ብርሃን ሲያዞሩት ቀይ ሆኖ ታያቸው። አላመኑም። በሞረድ ነካ አደረጉት፣ በመፈተኛው ድንጋይ ላይ አሹት። መዳብ ነው፤ ከላይ ብቻ ስስ ብር ተለብጧል።

በዚያች ከተማ ሰው በብር ዕቃ መብላት ሐራም መሆኑን ስለሚያውቅ፣ የብር ሰሐን ያለው ሁሉ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ያየዋል እንጂ ምግብ አያቀርብበትም። ቢበላበትና በየቀኑ ቢታጠብ ኖሮ ልባጡ ተፍቆ ውሸቱ ከጊዜው ይወጣ ነበር። ሙነወር ይህን ያውቅ ኖሯል። ሰዎቹ አላህን መፍራታቸውን መደበቂያ አድርጎታል። 

በኃይለኛ እሳት በብር ቢበይዱት ልባጡ ተቃጥሎ መዳቡ ይገለጣል። በቆርቆሮ፣ በለዘብተኛ እሳት ቢያያይዙት ግን ማንም አያውቅም፤ ልጃቸውም ታማኙ እንደተባለ ይኖራል። ሸይጧን በአባት ልብ በኩል መግባት ያውቅበታል፤ የሙት ነውር ይሸፈናል እንጂ ይገለጣል ወይ አላቸው። ቆርቆሮውን አነሱ። ግን ሙነወር የሰው ሐቅ ተሸክሞ ነው የሄደው፤ ያንን የሚያወርድለት የተበደለው ሰው ዐፍው፣ ከልብ የሆነ ይቅርታ፣ ብቻ መሆኑን ያውቃሉ። ቆርቆሮውን መልሰው አስቀመጡት።

«ረህማ፣ ይህ ብር አይደለም» አሏት። «ያታለላችሁ ልጄ ነው። ዐፍው በይለት።»

ረህማ ቀዩን ቦታ ጎንበስ ብላ አየችው። «ባሌ ብር ሰጠሁ ብሎ ነው የሞተው፣ ሐጂ።»

«የያሲን ኒያ፣ የልቡ ሐሳብ፣ ብር ነው፤ አላህ ዘንድ አይጎድልበትም። የጎደለው የኔው ዕዳ ነው።»

«አፌ እምቢ አለኝ። ከልቤ ሳይሆን ልበልዎት?»

«አይሆንም። ውሸቱስ እስካሁን ያለው ይበቃናል።»

ለወቅፉ በሰሐኑ ፈንታ ቤታቸው የቀረውን ብር ሁሉ ሰጡ። ሰሐኑን በኃይለኛው እሳት ጠገኑት፤ ልባጡ ነደደ፣ ቀይ መዳብ ሆኖ ለረህማ ተመለሰ። በጁምዓው ዕለት መስጊድ ውስጥ ቆመው፣ ጨረቃ ያለበት ዕቃ ያለው ሁሉ ለፍተሻ እንዲያመጣ ተናገሩ። ከመጡት አንዳንዱ ዐፍው አለ፣ አንዳንዱ ሟቹን ረግሞ ሄደ። ከዚያ ቀን በኋላ «ታማኙ» የሚል አልተሰማም። ሐጂ በድሩ በየጁምዓው ረህማን ደጇ ድረስ ሄደው ሰላም ይሏታል፤ ሰላምታቸውን ትመልሳለች፣ ሌላ ቃል አትጨምርም። ስድስት ዓመት እንዲህ ሆነ። ተስፋቸው እየተሟጠጠ ሄደ።

ሊሞቱ ሲሉ ተጸጽተው እንደሆነ ጎረቤት ጠየቃቸው። «ልጄን እዚያ እንዳይዋረድ ብዬ እዚህ አዋረድኩት» አሉ። «መዳኑን ግን አላውቅም።»

እኛ የሙታኖቻችንን ስም ስናስጌጥ የወደድናቸው ይመስለናል፤ ሐቁን ግን እዚያው ተሸክመውት ይቆያሉ። ሐጂ በድሩ ልጃቸውን ከኛ አብልጠው ወደዱ፣ ዋጋውንም ሳያዩ ሄዱ። ይህን ታሪክ የነገሩኝ ሰዎች ረህማ ዐፍው አለች አላሉኝም፣ እኔም አልጨምርበትም። ከሐጂ በድሩ ቀብር ማግስት ጀምሮ ግን ያንን ሰሐን ከግድግዳ አውርዳ ለእንግዳ ተምር ታቀርብበት ነበር ይላሉ። መዳብ ነውና ይፈቀዳል።