አንድ ካባ ለሦስት ተጠባባቂዎች

በአንድ ወቅት፣ የት እንደሆነ ብቻ አትጠይቁኝ፣ ጉም አፋፍ የምትባል ከተማ ነበረች። የተሠራችው ገደል ጫፍ ላይ ነው። ከገደሉ ሥር በብረት መዝጊያ የተዘጋ አንድ ጥልቅ ጉድጓድ አለ፤ በጉድጓዱ ውስጥ ሰልቃጭ ይኖራል። ሰልቃጭ የሰው ድምፅ ተከትሎ ይመጣል። ያገኘውን ሳያላምጥ ይውጣል፤ የዋጠውንም ፀሐይ እስክትጠልቅ በጉሮሮው ከረጢት ውስጥ በሕይወት ያቆየዋል። ዓይኖቹ ያሉት ግንባሩ ላይ ሳይሆን እዚያው ጉሮሮው ውስጥ ነው፤ የዋጠው እንዳያመልጠው ይጠብቃል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የሚሆነውን ባላወራው ይሻላል።

ከተማዋን የሚጠብቁ ሰባት ጀግኖች ነበሩ፤ ሰባቱ ንስሮች ይባላሉ። ይበራሉ፣ ብረት በእጃቸው ያጥፋሉ፤ አለቃቸው አባ መብረቅማ ስሙ እንደሚለው ነው። እያንዳንዳቸው ቀይ ካባ አላቸው። ካባውን የደረበ ሰው ፍርሃት የሚባል ነገር ጨርሶ ይለቀዋል።

ሦስት ተጠባባቂዎችም ነበሩ። ሥራቸው የንስሮቹን ካባ ማጠብ፣ መተኮስ፣ አንዱ ንስር ቢታመም ተብሎ ደግሞ መጠበቅ ነው። ንስር መቼም አይታመምም።

ጋሼ ጉልላት ቁጭ ብሎ ትንፋሹን ሲይዝ እንደ ተራራ ይከብዳል፤ ከተማው ተሰብስቦ ቢገፋው ንቅንቅ አይልም። «ድንቄም ጀግና! መቀመጥ ማን ያቅተዋል?» ይሉታል። ይርዳው የማንንም ሰው ድምፅ ቁርጥ አድርጎ ያወጣል፤ እሱን ደግሞ ለሰርግ ማድመቂያ ነው የሚፈልጉት። ትርንጎ ስትፈራ ትሰወራለች። ልብሷም እጇን የያዘ ሰውም አብሯት ይሰወራል፤ በእጇ የያዘችው ዕቃ ግን አይሰወርም። ደፈር ያለች ዕለት ቁልጭ ብላ ትታያለች።

ትርንጎ ደግሞ ያልፈራችው ነገር የለም። ነጎድጓድ ትፈራለች፣ ውሻ ትፈራለች፣ የተዘጋ በር ትፈራለች። ካባ ስትተኩስ ማንም እንዳላያት አረጋግጣ ጫፉን ትከሻዋ ላይ ጣል ታደርገዋለች። ያኔ ደረቷ ውስጥ ያለው መንቀጥቀጥ ጸጥ ይላል። ወዲያው እንደ ሌባ ደንግጣ ታወርደዋለች። «አንድ ቀን ብቻ ሳልፈራ ብውል ምን አለበት!» ትላለች ለራሷ።

አንድ ጊዜ ከንስሮቹ ሽማግሌው አረጁና ካባቸውን አስረከቡ። አባ መብረቅም ተጠባባቂዎቹን ጠርቶ፣ «ይህ ካባ ከእናንተ ለአንዳችሁ ነው፤ ስመለስ ለሚገባው አለብሰዋለሁ» አላቸውና ስድስቱ ንስሮች የጎርፍ አደጋ ወደደረሰበት ሩቅ አገር በረሩ።

የዚያኑ ዕለት ከቀትር በኋላ ጉም ወረደ። ውሾቹ ባንዴ ዝም አሉ። ከገደሉ ሥር የጉድጓዱ የብረት መዝጊያ ሲወድቅ ተሰማ። ሦስቱ በጠባቂዎች ማማ ላይ ነበሩ።

«ትርንጎ፣ የት ነሽ?» አለ ጋሼ ጉልላት።

«እዚሁ ነኝ ጋሼ።»

አየር ላይ የተንጠለጠለ ካውያ ብቻ ይታያል፤ እሱም ይንቀጠቀጣል።

ጋሼ ጉልላት ድምፅ ማጉያውን አንስቶ፣ «ሰልቃጭ ወጥቷል! ቤታችሁ ግቡ፤ ድምፅ እንዳታሰሙ!» ብሎ ጮኸ።

ገበያተኞቹ ቀና ብለው አዩ። «ማነው እሱ? ኧረ ያ ተቀማጩ ነው!» ብለው ሳቁና ወደ ገበያቸው ተመለሱ።

ያን ጊዜ ይርዳው ማጉያውን ነጠቀው። የተጠባባቂ ቃል ካልተሰማ የአለቃው ይሰማል ብሎ ነው። በአባ መብረቅ ድምፅ፣ «ሕዝቤ ሆይ፣ ቤታችሁ ግቡ! እኔ አለሁላችሁ!» አለ።

ጉም አፋፍ ውስጥ ግን አንድ ልማድ አለ። የአባ መብረቅ ድምፅ ሲሰማ ቤት የሚቀመጥ ሰው የለም፤ አደባባይ ወጥቶ በእልልታ መቀበል ነው ወጉ። ይርዳው ይህን ያውቃል፤ በድንጋጤ ረሳው። ሰዉም ከተናገረው ውስጥ «አለሁላችሁ» የሚለውን ብቻ ሰማ። ሴቶቹ ልጆቻቸውን እየጎተቱ ወጡ፤ ክብ ሠርተው እልልታውን አቀለጡት።

ጉሙ ወደ እልልታው ዞረ።

ትርንጎ ከማማው ላይ ሆና ሰልቃጭ ከጉሙ ውስጥ ሲወጣ አየችው። እንደ እርጥብ ቆዳ የሚያብረቀርቅ ግራጫ ነገር ነው፤ አፉ ተከፍቶ ተከፍቶ አያልቅም። ጎረቤቷን ወይዘሮ አስካለን አየቻቸው፤ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው እልል እያሉ ነበር። እልልታው ከመሃል ተቆረጠ፤ እሳቸውም፣ አጠገባቸው የነበሩት ሴቶችና ልጆችም ተዋጡ። የቀረው ሰው ወደየቤቱ ሮጦ በሩን ቀረቀረ።

ይርዳው አመድ መሰለ። «እኔ ነኝ የገደልኳቸው።»

«ፀሐይዋ ገና ነች» አለው ጋሼ ጉልላት። «አልሞቱም። ተነሥ! አንተ ወደ ጉድጓዱ መልሰው፤ እኔ መዝጊያው ላይ እቀመጣለሁ።»

«የተዋጡትስ?»

ሁለቱም ዞረው ካውያውን አዩት።

ይርዳው ገደሉን ቁልቁል ሮጠ። የተዋጡትን ሴቶች እልልታ በየድምፃቸው አንድ በአንድ እያወጣ ይሮጣል፤ ሰልቃጭ የዋጣቸው ሰዎች ድምፅ ከውጭ ሲመጣበት ግራ ገብቶት ተከተለው። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ደረሱ። አውሬው አፉን ከፍቶ ለማዳመጥ ቆመ፤ ይርዳውም ከዚያ አፍ ፊት ሳይነቃነቅ፣ ላቡ እየወረደ፣ እልልታውን ቀጠለ።

ካውያዋን ጥላ፣ ተሰውራ ተከትላቸው የወረደችው ትርንጎ በዚያ በተከፈተ አፍ ገባች። ጥርሷ እንዳይንገጫገጭ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ነው የገባችው። ውስጡ ይሞቃል፤ ይሸታል፤ ዓይኖቹ ከግድግዳው ላይ ይገላበጣሉ። በዳበሳ የወይዘሮ አስካለን እጅ አገኘች። «ዝም ይበሉ እትዬ። እኔን ይያዙኝ፤ ሌሎቹም እጅ ለእጅ ይያያዙ» አለች በሹክሹክታ። ተያይዘው ተሰወሩ። ሲወጡ መሃል ላይ ከተያያዙት መጨረሻ ካለ ልጅ በኩል «እናቴ፣ መጡልን!» የሚል ድምፅ ሰማች፤ ለቅጽበት ደረቷ በኩራት ሞቀ። ጣቶቿ መታየት ጀመሩ። ዓይኖቹ ሁሉ ወደ እሷ ዞሩ። ያን ጊዜ የፈራችውን ፍርሃት በዕድሜዋ ፈርታ አታውቅም፤ ያ ፍርሃት ሸሸጋትና ሁሉንም ይዛ ወጣች።

ሰልቃጭ ጉሮሮው ባዶ መሆኑ ገባውና ተንፈራገጠ። ይርዳው አንድ ነገር ብቻ ቀረው። ድምፁን፣ የራሱንም የሰውንም፣ አንዳች ሳያስቀር ወደ ጉድጓዱ ወረወረው። አውሬው ዘልሎ ተከተለው። ይርዳው ከዚያ ወዲያ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

ጋሼ ጉልላት መዝጊያውን ገልብጦ ላዩ ላይ ተቀመጠ። ማጠፊያው ተሰብሯል፤ መቀርቀሪያው ተቆርጧል። ትንፋሹን ያዘና ከበደ። ከሥሩ መንኳኳት ጀመረ።

«ሂዱ» አላቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ አልተነሣም። እሱ ከተነሣ ሰልቃጭ ይወጣል።

ንስሮቹ ሲመለሱ መብረቅም ወረወሩ፣ ብረትም በየዱ፤ ሰልቃጭ መብረቁን ዋጠ፣ ብየዳውን ፈታ። ከጋሼ ጉልላት ክብደት በቀር የሚችለው አልተገኘም። አባ መብረቅም የታጠፈውን ካባ ለትርንጎ አስታቀፋት። «እኔ አልነበርኩም፤ እናንተ ታውቃላችሁ። ጀምበር ሳትጠልቅ ለሚገባው አልብሺው» ብሏት ሄደ።

ከተማው ለሁለት አይደለም ለሦስት ተከፈለ።

ገሚሱ ለጋሼ ጉልላት ነው ይላል። ቀንም ሌትም የሚያንኳኳ ነገር ላይ ተቀምጦ ይኖራል፤ አንድ ቀን ፈርቶ ብድግ ያለ እንደሆነ ሁላችንም አለቀልን። ሌላው ግን፣ የሚያስቀምጠው ፍርሃቱ አይደል ወይ? ያልፈራ ሰው ጉድጓድ ላይ ለምን ይቀመጣል? ይላል።

ገሚሱ ለትርንጎ ነው ይላል፤ የተዋጡትን ያወጣች እሷ ናት። ሌላው፣ ካባውን ከደረበች አትሰወርም፤ ነገ ማን ይገባልናል? ይላል። ወይዘሮ አስካለ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። «ለእኛ ይጠቅማል ብላችሁ ልጅቷ ዕድሜ ልኳን ስትርበደበድ ትኑር? አታፍሩም?» አሉ።

ለይርዳው የሚከራከሩለት ጥቂት ናቸው። እናቶች ሲያዩት ልጆቻቸውን ይሰበስባሉ። በእንቅልፉ እየባነነ አፉን ይከፍታል፤ ጩኸቱ ግን አይወጣም። ሰዉን ለሰልቃጭ የጠራው እሱ ነው ይላሉ። ያለውን ሁሉ የጣለውስ ማን ነው? የጋሼ ጉልላትን ማስጠንቀቂያ ሰምተው የሳቁትስ እነማን ናቸው?

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ትርንጎ ካባውን በክንዷ ይዛ ጉድጓዱ ዘንድ ወረደች። ይርዳው ጥግ ላይ ተኮራምቷል። ጋሼ ጉልላት ከንፈሩ ደርቋል።

«ትርንጎዬ» አላት ቀስ ብሎ፣ «ዛሬ ማንኳኳቱን ትቷል። ያወራል።»

አዳመጠች። ከመዝጊያው ሥር ድምፅ መጣ፤ የይርዳው ድምፅ ነው፤ ይርዳው ግን አጠገቧ አፉን ገጥሞ ተቀምጧል።

«ትርንጎ፣ ለእኔ ነው የሚገባኝ። አምጪው።»

ትርንጎ ተሰወረች። ቀይ ካባ ብቻ በሦስቱ መሃል፣ አየር ላይ፣ እየተንቀጠቀጠ ቀረ።

ለሦስት ቅደዱት እንዳትሉኝ፤ የተቀደደ ካባ ተራ ጨርቅ ነው። ይቆይም እንዳትሉኝ፤ ጀምበሯ እየጠለቀች ነው። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ካባው ለማን ይገባል?