ማንም ሳይሞት የተነፋ ጡሩምባ

አንዲት ሴት ነበረች። ጭልፋ ያዥ ነበረች።

አትሳቁ። ጭልፋ መያዝ ትንሽ ሹመት የሚመስላችሁ ካላችሁ የእድር ሴቶችን አታውቋቸውም ማለት ነው። በዚያ ሰፈር ሰው ሲሞት ንፍሮው የሚቀቀለው በእሷ ትእዛዝ ነው። ያ ሁለት ሰው የሚያነሳው ጎላ ድስት የሚጣደው እሷ «ጣዱት» ስትል ነው። ከቀብር የተመለሰ ሁሉ እጁን ታጥቦ በፊቷ ያልፋል፤ ለእያንዳንዱ አንድ ጭልፋ ስንዴና ባቄላ ታደርግለታለች። አንድ! ሁለተኛ ለሚፈልግ ዓይኗ ብቻውን መልስ ይሰጠዋል። ከዚያ ዓይን ደግሞ የሚያመልጥ የለም። ማን ከልቡ እንዳለቀሰ፣ ማን ጉንጩን በምራቁ እንዳረጠበ፣ ሁሉን ታውቃለች። እትዬ ይመኙሻል ይሏታል።

ያን ጊዜ እኮ፣ ወገኖቼ፣ አጥሩ ቁልቋል ነው። የጎረቤት ሳል በግድግዳ ይሰማል፤ በሳሉ ማን እንደሆነ ይታወቃል። አንድ ቤት በርበሬ ሲቁላላ አምስት ቤት ያስነጥሳል። ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እናቱን ካጣ የሚቀርበው በር ገብቶ ይበላል፤ ማንም «የማን ልጅ ነህ?» አይለውም። ሰው ሲሞትማ አልሰማሁም ማለት የለም። ጡሩምባ ነፊው ጥላዬ ጎህ ሲቀድ ከላይ ሰፈር እስከ ታች ሰፈር እየነፋ ይወርዳል። ያለው እንጀራውን፣ ያለው ባቄላውን ይዞ ይወጣል። የሌለው እንባውን ይዞ ይወጣል።

ደግ ዘመን ነበር? ነበር። ግን ቆዩ፣ አትቸኩሉ።

በዚያው ሰፈር አንድ ድንጋይ ጠራቢ ነበር፤ ደምሰው ይባላል። ከለቅሶ የማይቀር ሰው ነው። «ሟቹ ቢቀር እንኳ ደምሰው አይቀርም» ይሉት ነበር። ጥላዬ ጡሩምባውን ከአፉ ሳያወርድ ደምሰው የድንኳኑን ምሰሶ ትከሻው ላይ አድርጎ ይደርሳል። ሬሳውን ከሚሸከሙት አንዱ እሱ ነው። አንድ ቀን እንኳ ሰላምታ ሰጥቶት የማያውቀውን ሰው ሬሳ ይሸከማል። ታዲያ ንፍሮ ሲቀርብም ከፊት ነው። እትዬ ይመኙሻል ይህን ሳታይ ትቀራለች?

አንድ ክረምት፣ ሐምሌ ላይ፣ አንዲት ባልቴት አረፉ። ዝናብ ነው፤ ድንኳኑ ውስጥ ሰው እንደ በግ ተጠጋግቷል። ደምሰው ጭልፋውን ተቀበለ፤ ቆነጠር አድርጎ ቀመሰ፤ ከዚያ ግራና ቀኝ አየና የቀረውን በግራ እጁ ወደ ካፖርቱ ኪስ አንቆረቆረው። ሊደግምም ዞሮ መጣ።

«ጋሽ ደምሰው!» አለች ይመኙሻል ጭልፋዋን ከፍ አድርጋ። «ኪስህም ለቅሶ ደረሰ እንዴ? ታዲያ ምነው ነጠላ አላዘቀዘቀም?»

ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። ለቅሶ ቤት ነው እኮ! የሟች ልጆች ሳይቀሩ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ደምሰውም ሳቀ፤ ትንሽ። «ነፍስ ይማር» አለና ተነስቶ በዝናቡ ወጣ።

ቀልዷ ጥሩ ነበረች። እኔም ብኖር እስቅ ነበር። እናንተስ? እስቲ እውነቱን ተናገሩ፣ እናንተስ?

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጥላዬ ደግሞ ነፋ። ደምሰው የለም። የድንኳኑ ምሰሶ ወደ አንድ ጎን አዘመመ፤ እንደሱ አድርጎ የሚተክለው ጠፋ። «ደምሰው ታሞ ይሆን?» አለ አንዱ። «ኪሱን አሞት ነው!» አለ ሌላው፤ ተሳቀ። ሦስተኛ ለቅሶ ሆነ። ደምሰው የለም። አሁን የሳቀ የለም፤ የጠየቀም ግን የለም።

ይመኙሻል ግን ጭልፋዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ሰው ሳህኑን ዘርግቶ ይጠብቃል፣ እሷ ታስባለች። ሆዱን የሚሞላ ሰው ለራሱ ነው። ኪሱን የሚሞላ ሰው ለማን ነው?

ለማን ነው? ይህን ጥያቄ ያኔውኑ ብትጠይቅ ኖሮ! አየቻት፣ እያንዳንዷን የባቄላ ፍሬ ወደ ኪስ ስትገባ አየቻት። ወዴት እንደምትሄድ ግን አላየችም።

ለሰዉ ሁሉ አዳርሳ ስታበቃ አንድ ሳህን ሞላች፤ ከላዩ እንጀራ ደረበችና ደምሰው ቤት ሄደች። በሩን ስታንኳኳ ሚስቱ እታፈራሁ ከፈተችላት። ምድጃው ውስጥ ድመት ተኝታለች። ለምን እንደሆነ ለእናቶች መንገር አያስፈልገኝም፤ እሳት የሚነድበት ምድጃ ላይ ድመት አትተኛም።

«ምን አስቸገረሽ እትዬ፣ እኛ እኮ አሁን ነው የበላነው» አለች እታፈራሁ፣ ቀሚሷን እየጎተተች።

ከመደቡ ላይ የአምስት ዓመት ልጅ ዘላ ወረደች። ሳህኑን አየችና ፊቷ በራ።

«እማዬ! ማን ሞተልን?»

ወገኖቼ፣ እስቲ ስሟት። «ማን ሞተ?» አላለችም። «ማን ሞተልን?» ነው ያለችው። እዚያ ቤት ምግብ የሚገባው ሰው ሲሞት ነበር። ሰፈሩ ሲያለቅስ እሷ ራት ትበላለች። ሰፈሩ ጤና ሲሆን ጦሟን ታድራለች።

ደምሰው ከጓዳ ወጣ። ቀኝ እጁን ያን ቀን ነው ያየችው፤ ከፋሲካ በፊት ድንጋይ ወድቆበት ሦስቱ ጣቶቹ አይታጠፉም። መሮ የማይጨብጥ ድንጋይ ጠራቢ ምን ይበላል? ለማንስ ይነግራል?

«ጋሼ፣ ለልጅቷ ነው እንጂ...» አለች ይመኙሻል።

«እትዬ ይመኙሻል» አላት፤ ድምፁን አላነሳም። «ለቅሶ ቤት የበላሁት ምሰሶ ተሸክሜ፣ ሬሳ ተሸክሜ ነው። ምጽዋት በልቼ አላውቅም። እድሬ የሚገባኝን ያደርግልኛል፤ ስሞት።»

ሳህኑንም እንደሞላ መለሰላት። ልጅቷ በዓይኗ እስከ በሩ ሸኘችው።

ሙሉ ሳህን ይዛችሁ ከተራበ ቤት ተመልሳችሁ ታውቃላችሁ? ከባድ ነው። የጎላውን ያህል ይከብዳል።

ወደ ቤቷ አልሄደችም። በቀጥታ ወደ እድሩ ሰብሳቢ ወደ አቶ ገብረየስ ሄደች። የሰው ስም ሳትጠራ ነገረቻቸው፤ በሰፈራችን የሚራብ ቤት አለ፣ እድሩ ይርዳ።

አቶ ገብረየስ ክፉ ሰው አልነበሩም። መነጽራቸውን አደረጉ፣ የመተዳደሪያ ደንቡን ገለጡ፣ ከፊት እስከ ኋላ አነበቡት።

«ይመኙሻል፣ ለሞተ ነው እንጂ ለቁም ሰው አንቀጽ የለንም።»

«እንግዲያው እንግደላቸውና እንርዳቸው?»

«አንቺ ደግሞ አፍሽ! ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ ይቀርባል። መስከረም ላይ።»

«ረሃብ መስከረም ይጥባ ብሎ ይጠብቃል?»

አቶ ገብረየስ ደንቡን እንደገና ገለጡት። ለዚህም አንቀጽ አልነበረውም።

እሑድ ጠዋት ጡሩምባ ተነፋ። ሰዉ ነጠላውን አዘቅዝቆ እየሮጠ ወጣ። «ማን ነው? ማን ነው?» ጥላዬ የማንንም ስም አይጠራም፤ «ወደ እድሩ ቤት! ወደ እድሩ ቤት!» ብቻ ይላል። ያለው እንጀራውን፣ ያለው ስንዴውን ይዞ መጣ። ደምሰውም ምሰሶውን ሊያነሳ መጣ። ቢያፍርም መጣ፤ ሞት ነዋ።

ይመኙሻል እድሩ ቤት ደጃፍ ቆማለች።

«ማን ሞተ?» አሏት።

«እስካሁን ማንም። እንዳይሞት ነው የጠራኋችሁ።»

እንዴት ተቆጡ! «ሟርተኛ!» አለች አንዷ። «በሞት ይቀለዳል?» አሉ አቶ ገብረየስ። እሷ ቆማ ጠበቀቻቸው፤ ስድባቸውን ጨርሰው ዝም እስኪሉ። ከዚያ እንዲህ አለች፦

«በዚህ ሰፈር ድመት ምድጃ ውስጥ የምትተኛበት ቤት አለ። የማን እንደሆነ አልናገርም፤ ብትገድሉኝ አልናገርም። እኔ ግን በዚያ ቤት ረሃብ ላይ ቀልጄበታለሁ። እናንተም ስቃችኋል። ሰው ሲሞት ይህን ሁሉ ይዘን እንወጣለን። ሟቹ አንዷንም አይቀምስ! ምን አለበት በቁሙ ብናበላው?»

ከሰዉ መካከል አንዲት አሮጊት ተናገሩ። ሁልጊዜ ነጭ ነጠላ የሚለብሱ፣ የጡረተኛ ሚስት የነበሩ፣ ሰዉ ሁሉ ደህና ናቸው የሚላቸው።

«የኔን ቤትስ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ድመቷም ትታው ሄዳለች።»

ከዚያ በኋላ ደንብ የጠየቀ የለም። አቶ ገብረየስ ራሳቸው የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡ። ወንበሩ ወደ አንድ ጥግ ተገፋ፤ ስንዴው በአንድ በርሜል፣ ባቄላው በአንድ፣ ገብሱ በአንድ ሆነ። ደንቡንም እዚያው ቆመው አወጡት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁሉም ቤት ጋቢውን ደርቦ ይመጣል፤ ያለውም የሌለውም። አንድ በአንድ ይገባል። ያለው ያስቀምጣል፣ የሌለው ይወስዳል። በጋቢ ሥር ምን እንደገባና ምን እንደወጣ ማን ያውቃል? ወሬውን ያወራ ከእድሩ ይወጣል።

ጠባቂ ማን ይሁን ሲባል «እኔ» አለች ይመኙሻል። ሰዉ ደነገጠ። ያ ዓይን!

ቅዳሜ ደረሰ። በርጩማዋን አስገባች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው፣ ጀርባዋን ወደ በርሜሎቹ አድርጋ ተቀመጠች። እህሉ ሲገባና ሲወጣ ድምፁን እንዳትሰማም ታንጎራጉራለች። ድምጿን በተመለከተ... እንለፈው፣ ነፍሷን ይማር።

«ጀርባሽን ሰጥተሽ እህሉን እንዴት ትጠብቂዋለሽ?» አሏት አቶ ገብረየስ።

«እህሉን ማን ይጠብቃል? የምጠብቀው ሰዉን ነው።»

ቤቱ ሁሉ ገብቶ ወጣ። እሷ ግን ውስጧ አላረፈም። ይመጣ ይሆን? ካልመጣስ? በቀልዷ የዘጋችውን በር ማን ይከፍትላታል? እስከ አሥር ሰዓት ጠበቀች። ሰዉ አለቀ። ጥላዬ በሩን ሊዘጋ ተነሳ።

ያኔ ኮቴ ሰማች። አንድ እግሩን ጫን አድርጎ የሚራመድ፣ ምሰሶ ለመሸከም የለመደ ሰው እርምጃ። አልዞረችም። መዝሙሯን ከፍ አደረገች። ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች እንባዋ ወረደ፤ ያየው የለም።

እርምጃው እስከ በርሜሎቹ ደርሶ ተመለሰና ከበሩ ላይ ቆመ።

«እትዬ ይመኙሻል፣ እግዜር ይስጥልኝ» አላት።

ሰውን በሳሉ የምትለየው ሴት፣ የሰፈሩን ኮቴ ሁሉ የምታውቀው ሴት፣ ፊቷን ከግድግዳው ሳታነሳ መለሰችለት።

«አሜን። ማን ነህ አንተ?»

ደምሰው ሳቀ። በዚያ ክረምት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከሆዱ ሳቀ።

ወገኖቼ፣ ብዙዎቻችን ያንን ሰፈር እንናፍቃለን። ቁልቋሉን፣ የበርበሬውን ማስነጠስ፣ ሳይጠሩ መግባቱን። እኔም እናፍቃለሁ። ግን ድሮ ሁሉ ደግ ነበር አትበሉኝ፤ ድሮም ስቀናል። ልዩነቱ፣ ሲስቁ የነበሩት ሰዎች አንድ እሑድ ማፈራቸው ነው። እኛስ መቼ ነው የምናፍረው?

በተሰበሰብንበት በዚህ ግቢ በስተግራ ያለችውን ክፍል «የምግብ ባንክ» ብለናታል። ስሟ ከፍ ያለ ነው፤ ዋስ የማትጠይቅ ባንክ ናት። ጥሩ። ግን አንድ አምስት ሊትር ዘይት ለአንዲት እናት ለመስጠት አራት ሰው ዘይቱን ጨብጦ ፎቶ ሲነሳ አይቻለሁ። እናቲቱ የት እንደምትመለከት አይታችኋል? መሬት መሬት ነው። ልጆቿ ፎቶውን ሲያዩት ምን ይላሉ? ካሜራውን አስቀምጡት። ፊታችሁን ወደ ግድግዳ አዙሩ። ከቻላችሁም አንጎራጉሩ።

ደግሞ ባዶ እጃችሁን የምትመጡ፣ አዎ፣ እዚህ ተቀምጣችሁ «ስለ እኔ ነው የሚያወራው» የምትሉ፣ ስለ እናንተ አይደለም። ስለ ሁላችንም ነው። ስንቱን ተሸክማችኋል! አንድ ቀን እናንተም ብትሸከሙ ምን ነውር አለው?

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃችሁ። በኮንዶሚኒየም ደረጃችሁ፣ በግቢያችሁ፣ በሥራ ቦታችሁ የምትስቁበት ሰው ማን ነው? ሠርግ የማይቀረው፣ የተረፈ የሚቋጥረው፣ ስብሰባ ላይ ብስኩቱን ከነወረቀቱ የሚከተው? ዛሬ ማታ ስሙን አስቡት። ኪሱ ወዴት እንደሚሄድም አስቡ።

ሲሞት እንጀራ ይዛችሁ እንደምትሄዱ አውቃለሁ፤ ለዚያ አትታሙም። ያን ቀን ግን በሩን የሚከፍትላችሁ ሌላ ሰው ነው። ዛሬ ብትሄዱ ራሱ ይከፍትላችኋል።